በተራራ አገር አልጋ ስለ መያዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከመግባቱ በፊት፣ ወደ ባሌ ተራሮች ለመጓዝ ላሰቡት ጓደኞቻችን ስለ ርካሽ ማረፊያ ቤት አመራረጥ ጥቂት ቃል እንድናገር ማኅበሩ ጠይቆኛል። ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። «አልጋ ለመያዝ ደግሞ ንግግር ያሻዋልን?» የሚል ፈገግታ ነው። ነገሩ ስለ አዳማ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያችሁ ፈገግ ባልሁ ነበር። በቆላ ከተማ መጥፎ አልጋ የያዘ ሰው ቢበዛ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ መጥፎ አልጋ የያዘ ሰው ግን ጤናውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ባሌን ለምሳሌ የያዝሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ «እኛስ መቼ ነው የምናየው?» የሚለው ተማሪ በዝቷል። ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን በሥዕል ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። ደግሞም መንገዱ ከተማሪ ኪስ የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ አውቶቡስ በአሰላና በበቆጂ በኩል፣ ወይም በሻሸመኔ በኩል ዞሮ ዶዶላ ይደርሳል፤ ከዚያም አዳባንና ዲንሾን አልፎ ሮቤ ይገባል። ጎባ ከሮቤ ብዙ አይርቅም። (የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት ከአገሩ ሰው መጠየቅ ዛሬ በየትም አቅጣጫ ለሚሄድ ሁሉ የሚገባ ስለሆነ አልዘረዝረውም።) ገንዘብ ያለው መንገደኛ ማረፊያውን አስቀድሞ በስልክ ይይዛል። እኛ ግን ሲመሽ ከአውቶቡስ ወርደን፣ ሻንጣችንን ተሸክመን፣ በየበሩ «አልጋ አለ?» እያልን የምንጠይቅ ነን። አፋን ኦሮሞ የማይችለው ጓደኛችን ቢያንስ «ሲሬ ቀብዱ?» የምትለውን ቃል ይዞ ቢሄድ ፊት ይፈታለታል። የምናገረው ለዚህ ዓይነቱ መንገደኛ ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቤቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከምናገኘው 70 በመቶ ያህል ነው፤ በ4,000 ሜትር ላይ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሮቤ ቢያድር ልዩነቱ አይሰማውም፤ ከፍታው የለመደው ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ ወጥቶ ወዲያው ዲንሾ የሚያድር ጓደኛችን ግን ሌሊቱን ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል።

ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር የበለጠ አለመጨመር ነው። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ «የመኝታን» የምትለው ቃል ናት። ቀን ሳነቴ ውላችሁ ማታ ጎባ ብትወርዱ የሚቆጠርላችሁ ጎባ ነው። ሳነቴ ላይ አልቤርጎ ስለሌለ ድንኳን ያልያዘ ተማሪ ይህን ምክር በግድም ቢሆን ይፈጽማል። ችግሩ ዲንሾ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ከሮቤ በፊት ዲንሾን ስለሚያገኝ፣ ተማሪው «ፓርኩ እዚህ ከሆነ ለምን አልፌው እሄዳለሁ?» ብሎ ይወርዳል። ከደጋ የመጣ ሰው ይውረድ፤ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ያለው ማረፊያ ለብዙ ዘመን መንገደኛ ሲያሳድር የኖረ ነው፤ አጋዘኖቹም ከዚያው አጠገብ ሲግጡ ይታያሉ። ከቆላ የመጣ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ሮቤ አድሮ በማግሥቱ በሚኒባስ ቢመለስ ይሻለዋል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያጠፋው ገንዘብም ከአንድ የራስ ምታት ሌሊት ይረክሳል።

ከከፍታው ቀጥሎ ብርዱ ነው። የእኛ ዕረፍት የሚውለው በጥርና በየካቲት ገደማ መሆኑን አትርሱ። በዚያ ወራት ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐዩም ይፋጃል፤ ስለዚህ በእኩለ ቀን ክፍል የሚያይ ሰው ይታለላል። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ትለቀዋለች፤ ከዚህም የተነሣ የደጋ ውርጭ የሚበረታው በበጋ ነው። በሳነቴ አምባ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ያውቃል። ዲንሾና ጎባ እንደዚያ አይሆኑም፤ ቢሆንም ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ማየት በእነርሱ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ክፍል ስታዩ ቴሌቪዥኑንና የመጋረጃውን ቀለም ተዉትና ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሊነጋጋ ሲል የራሳችሁ ትንፋሽ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብባችኋል። ጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይሞቃል፤ አዲሱ ፎቅ አሮጌውን ጭቃ ቤት በመልክ ቢበልጠው በሌሊት አይበልጠውም። ጠባብ ክፍል ከሰፊ ክፍል ይሻላል፤ ሦስት አልጋ ያለበት አንድ ክፍል ከሦስት ክፍሎች ይሞቃል፣ ሒሳቡም ይቀላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግድግዳው ከዳቦ ቤት ጋር የተያያዘ ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ዶዶላ ላይ አግኝቼ ጋቢዬን ከሻንጣ ሳላወጣ አድሬያለሁ፤ ነገር ግን ጋጋሪዎቹ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሥራ ስለሚጀምሩ እንቅልፉ እስከዚያው ድረስ ብቻ ነው።

ብርድ ልብስን በቁጥር ጠይቁ። «ብርድ ልብስ አለ?» ብትሉ መልሱ በየትም ቤት «አለ» ነው፤ «ለአንድ አልጋ ስንት ነው?» ብትሉ ግን እውነቱ ይወጣል። ደግሞ ብርድ የሚመጣው ከላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስስ ስፖንጅ በሽቦ አልጋ ላይ የተነጠፈ እንደ ሆነ ሰው ከላይ አራት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እጃችሁን ፍራሹ ላይ ተጫኑት፤ ሽቦው ከተሰማችሁ፣ እናት አዘጋጅታ የሰጠቻችሁን ጋቢ ከላይ ከመደረብ ይልቅ አጥፋችሁ ከታች አንጥፉት። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ አንድ ሌሊት ይሞክሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። እንግዳው «እትዬ፣ በርዶናል» ሲላት ባለቤቲቱ በደግነት ፍም የሞላበት የከሰል ማንደጃ ታመጣለች። ወይም ተማሪዎቹ ራሳቸው ቡና የተፈላበትን ማንደጃ «ትንሽ ያሙቀን» ብለው ክፍላቸው ያስገቡታል። በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል፤ ከዚያ ይተኛል። በዚህ ዓይነት ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች በአገራችን ጥቂቶች አይደሉም።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ብዙ ሰው «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቆይ እንጂ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም» ይላል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የቀላው ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። አንድ ጊዜ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም፤ ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ አየር ያጣል። በተራራ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ አስቀድሞ የጎደለ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ይልቁንም የሚያሳስተው ምልክቱ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ይመጣል፤ እነዚህም የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ዲንሾ ላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው ተማሪ «ከፍታው ነው፤ ልተኛና ይለቀኛል» ይላል፤ መተኛቱ ግን ለጋዙ ጊዜ መስጠት ነው። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ካለና ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ከፍታ ነው ከሰል ነው ብላችሁ አትከራከሩ። በሩን በርግዳችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ የተኛውንም ቀስቅሱ፤ ካልነቃ ጎትታችሁ አውጡት። ውጭ ቆይቶ የተሻለው ቢመስልም ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ጎባ ላይ ሆስፒታል አለ። ሕመሙ የከፍታ ሆኖ ከተገኘም ጉዞው ያው ወደ ታች ነው፤ የከፍታ ሕመም የጸናበት ሰው ፍቱን መድኃኒቱ መውረድ ነውና።

ማንደጃ ልታመጣላችሁ የምታስብ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለችም። አመስግናችሁ «እትዬ፣ ማንደጃው ይቅርና ሌላ ብርድ ልብስ ይጨመርልን» በሏት። ሙቅ ውኃም ለምኗት፤ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር ብታስቀምጡት ለብዙ ሰዓት ያሞቃል። ክፍል ስትመርጡም መስኮቱ ይዘጋ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ይከፈት እንደ ሆነም ሞክሩ። በሚስማር የተመታ መስኮት ያለበትን ክፍል በነፃ ቢሰጧችሁም አትያዙት።

ስለ ተባይም መናገር አለብኝ። ቁንጫ፣ ትኋንና ቅማል በአንድነት ይጠሩ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ወደ ሰው በሽታ ማስተላለፉ ግን አልተረጋገጠም። የልብስ ቅማል ግርሻንና ታይፈስን ያስተላልፋል። ግርሻ ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ለቀቀ ሲባል፣ ሰውም ዳንሁ ብሎ ሲነሣ፣ ከሳምንት ያህል በኋላ አገርሽቶ መልሶ የሚጥል በሽታ ነው። ብርድ አገር ለቅማል ይመቸዋል፤ ሰው ልብሱን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ውኃው ስለሚቀዘቅዝም እጥበቱ ይዘገያል።

በዚህ ምክንያት «አንሶላው ታጥቧል?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። አንሶላ ለእንግዳ ይለወጣል፤ የማይለወጠው ብርድ ልብሱ ነው። ብርድ ልብሱን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ ጠርዙንና ስፌቱን እዩ። የፍራሹንም ስፌት እዩ፤ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ያሉ ጥቋቁር ምልክቶች ካሉበት ትኋን አለ ማለት ነው። ይህን ስታደርጉ ባለቤቱ ፊት አታንቋሽሹ፤ ዝም ብላችሁ አይታችሁ «ሌላ ክፍል አለ?» ማለት ይበቃል። እኔ በበኩሌ አቡጀዲ ገዝቼ እንደ ከረጢት አሰፍቼ ይዤ እሄዳለሁ፤ በውስጡ ገብቼ የቤቱን ብርድ ልብስ ከላይ እለብሳለሁ። ሲታጠፍ ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ከጉዞ ስትመለሱ የለበሳችሁትን ሁሉ በፈላ ውኃ እጠቡ፤ የማይታጠበውን በካውያ ስፌት ስፌቱን ተኩሱት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ የት የት እንዳደረ ይንገረው፤ ካልተነገረው ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው ወባን ወይም ታይፎይድን ነው።

ስለ ውኃና ስለ ምግብ አላስረዝምም። «ሻወር አለ?» ከማለት ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ምግቡ የአገሩ ገብስና ወተት ነው፤ ጩኮ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ለብርድ የሚሆን ምግብ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ቁጥር አልጠራላችሁም፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉም ነገር ተወዷል፤ ዛሬ የምጠራው ዋጋ እናንተ እስክትደርሱ ላይቆይ ይችላል። አቆጣጠሩን ግን ልንገራችሁ። የአልጋውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሌሊቱን ዋጋ አስሉ። ከመናኸሪያው ርቆ የረከሰው ቤት ሌሊት 11 ሰዓት ለሚነሣ አውቶቡስ ባጃጅ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ሰዓት የተገኘ ባጃጅ ደግሞ የጠየቀውን ይቀበላል። ስለዚህ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጫጫታ ቤት ለመነሻው ሌሊት ብቻ ይያዝ፤ ሌላውን ሌሊት ራቅ ብላችሁ ጸጥ ካለ ሰፈር እደሩ። መታወቂያችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ አንዳንድ ቤት ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት በአንድ አልጋ አያስተኛም፤ ይህን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በዋጋ ተከራከሩ፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ክርክሩ ከባለቤቱ ጋር ይሁን እንጂ አልጋ ከምታነጥፈው ልጅ ጋር አይሁን። ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የላትም፤ የጎደለውን የምትከፍለው ግን እርሷ ናት። በአንድ ከተማ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ተማሪዎች ናቸው የተባሉ እንግዶች ሁለት ብርድ ልብስ ለቀን ጉዞ ወስደው በዚያው ቀሩ፤ ዋጋው ከልጅቱ ደመወዝ በየወሩ ተቆረጠ። እኔ በዚያ ቤት አልጋ ስጠይቅ ልጅቱ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ተማሪ ነህ?» ብላ ነው። ነኝ ስላት ብርድ ልብሶቹን ፊቴ ቆጥራ አስፈረመችኝ። አልተቀየምኋትም።

እኅቶቻችን ስለ በርና ስለ ቁልፍ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ሁላችንም ልንሰማው የሚገባ ነው። ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ከውስጥ ቆልፋችሁ ሞክሩት፤ ቁልፍ ብቻ አይበቃም፣ መቀርቀሪያም ይኑረው፤ የቁልፉ ቅጂ በስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅምና። ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለበትን ቤት ተዉት። ባለቤቶቹ ከነልጆቻቸው የሚኖሩበት፣ ማታ ሽንኩርት የሚከተፍበት ግቢ መልኩ ባያምርም ይመረጣል። የት እንደሚታደር ጠይቁ ሲባልም መናኸሪያ በር ላይ የቆመውን ደላላ ሳይሆን፣ ሻይ የምትሸጠውን ሴት ጠይቁ። ወንዶቹ ደግሞ ቡድኑ ሲከፋፈል የተሻለውን ክፍል ለእኅቶቻችሁ መተው ጨዋነት ብቻ መስሎ አይታያችሁ፤ የመንገዱ አደጋ በእነርሱ ላይ ይከብዳልና።

ከከተማ ወጥተው በእግር ወይም በፈረስ የሚሄዱት አንዳንድ ጊዜ ገበሬ ቤት ይመሽባቸዋል። የመሸበት እንግዳ አይመለስም፤ የቤቱ ሰዎች መደባቸውን ለቀው እነርሱ መሬት ሊተኙ ይችላሉ። ዋጋ ስላልተጠየቀ ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። ገንዘብ መስጠት ቢያሳፍር ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አሥር ሆኖ አንድ ጎጆ ላይ መውረድ ደግሞ እንግድነት አይደለም።

ከመጨረሴ በፊት ሁለት ሐሳብ ለማኅበሩ አቀርባለሁ። በጀርመን አገር ሪቻርድ ሺርማን የሚባል መምህር በ1901 ዓ.ም. ክረምት ተማሪዎቹን በእግር ይዞ ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ ባዶ የትምህርት ቤት ክፍል አደሩ። በዚያች ሌሊት «በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶች ለምን የመንገደኛ ወጣቶች ማደሪያ አይሆኑም?» የሚል ሐሳብ መጣለት፤ በ1904 ዓ.ም. አልቴና በምትባል ከተማ፣ በአሮጌ ግንብ ውስጥ፣ ዛሬ በብዙ አገር ላለው የወጣቶች ማረፊያ ቤት መጀመሪያ የሆነውን ቤት ከፈተ። የእኛም የመኝታ ክፍሎች በዕረፍት ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። የእነርሱ ተማሪዎች ወደ እኛ ሲመጡ እኛ ብናሳድራቸው፣ እኛም ስንሄድ እነርሱ ቢያሳድሩን፣ ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ደብዳቤ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው። ፈቃዱ የአስተዳደሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥያቄው ግን ከእኛ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ሐሳብ የማረፊያ መዝገብ ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሁሉ ያደረበትን ቤት ይጻፍ፤ ከተማውን፣ ያደረበትን ቀን፣ የከፈለውን ዋጋ፣ የብርድ ልብሱን ቁጥር፣ መስኮቱ ይከፈት እንደ ሆነና መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ተባይ እንዳየና እንዳላየ። «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው አይጠቅምም። ደብተሩ ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል። በዚህ ዕረፍት የሚሄዱት ቡድኖች ከመነሣታቸው በፊት አይተውት ይሂዱ፤ በተመለሱ በሳምንቱም ይጻፉበት። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።